ሞተሯ ወርዷል ያልኩህ ጊዜ

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ?

አምስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ "ምን ፈልጎ ነው?" እንደምትል አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ የምፈልገው ነገር አለ። እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነግርህ። መጀመሪያ አንድ ኑዛዜ አለብኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተደዋወልን ቀን "ቮልሷስ?" ብለህ ስትጠይቀኝ "ሞተሯ ወርዷል፣ እየሠራኋት ነው" አልኩህ። ውሸቴን ነበር። ሸራ ለብሳ ቆማለች። አንድ ብሎን እንኳ አልፈታሁም። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ "ስትጨርስ ደውልልኝ" አልከኝ። ሳልጨርስ መደወል አሳፈረኝ። ያልጀመሩትን ደግሞ መጨረስ የለም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት ዓመት ነጎደ።

አሁን ተነስታለች። ይኼኛው እውነት ነው።

ሸራውን የገለጥኩ ቀን የሠራሁትን ግን ብታይ እጄን ትመታኝ ነበር። ቁልፏን ሳገኝ ትዕግሥት አጣሁ። ከሌላኛው መኪናዬ ባትሪ ነቅዬ ገጠምኩላት። እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት መሆኗን ረስቼ! እሷ ባለ 6 ቮልት ናት፣ የገጠምኩላት 12። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። የመብራቱ ማብሪያ ተከፍቶ ኖሯል፤ ሁለቱም የፊት አምፖሎች አንዴ ቦግ ብለው እስከ ወዲያኛው ጠፉ። ከዚያ የባሰው ግን ከሞተሩ የሰማሁት ድምፅ ነው። ደረቅ ብረት ብረትን ሲፍቅ ታውቀው የለ? ዘይቱ ሁሉ ወርዶ ሥር ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ በደረቁ አሽከረክራታለሁ። ቁልፉን ነቅዬ ወጣሁና ሁለት ሳምንት ወደ እሷ አልዞርኩም።

ስመለስ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። አራቱንም ካንዴላ ፈታሁ። በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት አንጠባጥቤ ሦስት ቀን ተውኳት። ከዚያ የዲናሞውን ፑሌጃ በቁልፍ ይዤ በእጄ አዞርኳት። መጀመሪያ ከበድ አለች፣ ቀጥሎ እሺ አለች። አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ። ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት የምትይዘው። ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶ የታሰረችውን ክብ ክዳን ስትከፍት የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ወንፊቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል፣ የብረት ፍርፋሪ ግን የለም። እዚያው መሬት ላይ ተዘርጥጬ ተነፈስኩ።

ካርቡራተሩ ሌላ ጉድ ነበር። ቤንዚኑ ደርቆ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ቤንዚኑን በልክ ከሚያሳልፉት ጂግለሮች አንዷን አውጥቼ ወደ ብርሃን ይዤ ባያት ጭራሽ ቀዳዳ የላትም። በሽቦ አትነካካ ያልከኝን አልረሳሁም፤ በማጽጃ ነክሬ በአየር ነፋሁላት። አንዲት መርፌ የምታክል ብርሃን ብቅ ስትል ብቻዬን ሳቅሁ። የቤንዚን ቱቦዎቹንም ሁሉንም ቀየርኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ከፖምፓው የምትወጣው ቱቦ ብትሰነጠቅ የምታንጠባጥበው ዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ነው። ስንቱ ቮልስ በእሷ ሰበብ እንደተቃጠለ ታውቃለህ።

በትክክለኛው ባትሪ ስሞክራት ግን ጭጭ አለች። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተሪኖው ግን ያቃስታል። ለካ ችግሩ የመሬት ሽቦው ነው። 6 ቮልት እኮ ትንሽ ዝገት እንኳ ታሸንፈዋለች። ከሰውነቷ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ነጭ ብረት እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩትና አጥብቄ አሰርኩት። በዚያው የኋላውን ወንበር ሳነሳ፣ ከሥሩ ያሉት ሽቦዎች ባትሪው አናት ላይ ሊያርፉ ምን ቀራቸው! ወፍራም ሰው ኋላ ቢቀመጥ በእሳት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ለባትሪው ክዳን ሠራሁለት።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ያን ድምፅ ላስረዳህ አልሞክርም፣ ታውቀዋለህ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሠራች ግን የሚቃጠል ሣር ሸተተኝ። ወዲያው አጠፋኋት። በባትሪ መብራት ወደ ፋኑ ውስጥ ባይ የተበጣጠሰ ጨርቅ፣ ገለባ፣ የወንበሩ ስፖንጅ። አይጥ ቤት ሠርታለች! የተቻለኝን በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁ፤ ዋናው ክምር ግን ከታች የዘይት ማቀዝቀዣው ጋ ነው። ይቺ መኪና ውኃ የላት፣ ራዲያተር የላት፤ የምትኖረው በዚያ ፋን ነው። ማቀዝቀዣው ደግሞ የተቀመጠው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ሦስተኛው ድሮም ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። አየሩ ታፍኖ አንድ ቀን ብነዳት ያ ሲሊንደር አልቆለት ነበር።

እሱን ለማጽዳት ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ገምት።

አዎ። ሞተሯን አወረድኩ።

አራት ብሎን ብቻ ነው ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው፤ የለመደ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብኝ። በክሪክ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነውን ሞተር ቀስ እያልኩ ሳወርድ፣ እጄም ፊቴም ቅባት በቅባት ሆኖ፣ ያ ውሸቴ ትዝ አለኝና ሳቅ አፈነኝ። በአምስት ዓመቱ እውነት ሆነልኝ። ያኔውኑ ልደውልልህ ስልኬን አነሳሁ። እጄ ቆሽሿል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ምክንያት አላጣም እኔ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርህ። ከባትሪው ሥር ያለው ወለል እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር፤ ተቆርጦ ተበየደ። ጎማዎቹ ሲያዩዋቸው ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ጎናቸው ላይ ያለው ቁጥር ግን 2309 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ጣልኳቸው። መለዋወጫ አላስቸገረኝም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው የወጣችው። የዛሬው የጎማ ዕቃ ጥራት ግን ያናድዳል፤ አዲስ ብዬ የገዛሁት ቱቦ ገና ሳይሠራ ተሰነጠቀ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ፍሬኑ ቀርቷል።

የኋላ ቀኙን ታምቡር ስከፍት፣ የፍሬን ሸራውን የምትገፋው ትንሿ ፖምፓ ፒስተኖቿ በዝገት ተጣብቀዋል። ላስቲኩን ገለጥ ሳደርገው ቡና ዓይነት ውኃ ወረደኝ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠጣ ከርሟል። አራቱንም ፖምፓ ቀየርኩ። የላስቲክ ቱቦዎቹም ውስጣቸው አብጦ ነበርና እነሱንም ጣልኩ። የእሷ ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰች አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ከግቢ አላወጣኋትም። ሞተሯ እንደ ሰዓት እየሠራ ቁጭ ብላለች።

ፍሬኑ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት ብቻዬን ያልሞከርኩት የለም። ፔዳሉን በእንጨት ደግፌ ሞከርኩ፣ ተንሸራተተ። ጎረቤቴን አስቀመጥኩት፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን "ያዝ!" ስለው ይለቃል፣ "ልቀቅ!" ስለው "ምን አልክ?" ይላል። ያስወጣሁት አየር ሁሉ ተመልሶ ገባ። ፔዳሉ እስካሁን ስፖንጅ እንደመርገጥ ነው።

ያን ጊዜ አንተ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከሥር ሆነን ስንሠራ ትዝ ይልሃል? ሦስት ጊዜ ረግጠህ "ያዝኩ!" ትላለህ፣ እኔ ከፍቼ እዘጋለሁ። ከኋላ ቀኝ ጀምረን ፊት ግራ እስክንደርስ አንድም ትርፍ ቃል አልተናገርንም ነበር።

ቅዳሜ ና። አዲስ የፍሬን ዘይት ገዝቻለሁ፤ እስክትመጣ ክዳኑን አልከፍተውም። ወፍራም ጫማ ብቻ አድርገህ እንዳትመጣ፣ ፔዳሉ ትንሽ ነው።