ይድረስ ለልጄ፣ ከሌኮክ መንደር

የኔ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? አክስትሽስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ እንግሊዝ ድረስ ሄደሽ ገጠር ገባሽ?» አልሽኝ። የተጎዳሁ መስሎሽ እንደከፋሽ ከድምፅሽ ገባኝ። ላስረዳሽ ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። ስለዚህ የምንከባከባቸው ሴትዮ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ።

መንደሩ ሌኮክ ይባላል። ዊልትሻየር በሚባለው አውራጃ ነው። ቅርባችን ያለው ከተማ ቺፕንሃም ነው፤ አስቤዛ የምገዛው እዚያ ነው። ጃንሆይ በጣልያን ጊዜ በስደት የተቀመጡባት ባዝም ሩቅ አይደለችም። የኖሩበት ፌርፊልድ የሚባለው ቤት ዛሬም አለ። በ1958 ለከተማዋ ሰጥተውታል፤ አረጋውያን እንዲገለገሉበት ብለው።

ሌኮክ አራት መንገድ ነው፤ በቃ። አራቱ ተጋጥመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ቀና ብለሽ ስታዪ አንድም የመብራት ሽቦ የለም። አንቴና የለም፣ ዲሽ የለም። ሽቦው ሁሉ ከመሬት በታች ነው። እንግዳ መኪናውን ከመንደሩ ዳር አቁሞ በእግሩ ይገባል። የድሮ ዘመን ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ወደዚህ የሚመጡት ለዚህ ነው።

ቤቶቹን ባየሽልኝ! አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ጡብ፣ አንዱ እንጨት ነው። ጣሪያቸው ጎብጧል፣ ግድግዳቸው ዘሟል፣ ግን ቆመዋል። ሁሌ ሳልፍ ቆም ብዬ የማየው አንድ ቤት አለ። በጎኑ በኩል ሁለት ጎባጣ ግንዶች ከመሬት ተነስተው ጣሪያው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ዛፉ ጎብጦ ያደገ ነው። ለሁለት ሰንጥቀው ፊት ለፊት አቆሙት፤ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው። የመጥረቢያው ጠባሳ አሁንም ይታያል። እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ በእንጨቱ መሃል ያለው ክፍት ቦታ በምን እንደሚሞላ ታውቂያለሽ? ቀጫጭን እንጨት ጎንጉነው፣ ጭቃ ከጭድና ከከብት እበት ጋር አቡክተው ይመርጉበታል። እኛ «የጭቃ ቤት» እያልን ያፈርንበት ነገር እኮ ነው። እነሱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል።

መንደሩ የከበረው በበግ ፀጉር ነው። በ1232 ኤላ የምትባል ባሏ የሞተባት ባላባት ለሴቶች ገዳም መሠረተች፤ ኋላም ራሷ መንኩሳ እመ ምኔት ሆነች። ገበሬው ለገዳሙ የመሬቱን ኪራይ በእህል፣ በሱፍና በቆዳ ይከፍል ነበር። ያ ሁሉ የሚከተትበት የአስራት ጎተራ አሁንም አለ፤ ጣሪያውን የተሸከመው ወፋፍራም እንጨት ነው። ገዳሙን ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1539 ዘጋው። ከዚያ በኋላ የመኳንንት መኖሪያ ሆነ።

ጆርጅ የሚባል የቆየ መጠጥ ቤትም አለ። ምድጃው አጠገብ የእንጨት መንኮራኩር ይታያል። ድሮ ትንሽ ውሻ እዚያ ውስጥ ታስሮ እየሮጠ፣ ሥጋ የተሰካበትን ብረት እሳቱ ላይ ያዞር ነበር። ውሻው አሳዘነኝ። የሥጋው ሽታ እየመጣበት እየሮጠ፣ ለሌላ ሰው ራት!

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በማን ስም እንደታነጸ ታውቂያለሽ? በቅዱስ ቂርቆስ! የእኛው ሕፃኑ ቂርቆስ፣ የኢየሉጣ ልጅ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም። ፈረንጆቹ ሲሪያክ ይሉታል። ታቦት የለም፣ ከበሮ የለም፣ ዕጣንም የለም፤ የድንጋይ ግንብና ደወል ነው ያለው። እኔ ግን ሐምሌ 19 ቀን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ገብርኤል ከፈላው ውሃ ያወጣቸውን እናትና ልጅ እያሰብኩ ብቻዬን ቆምኩ። ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወጥቼ እዚህ ድረስ መጥቼ ቂርቆስ ደጅ መቆም! አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ስለ አገሩ መልክ ጠይቀሽኝ ነበር። ክረምቱ ከባድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ገና ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። ዝናቡ እንደኛ ሐምሌ ወርዶ አይገላግልም፤ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። የካቲት አካባቢ ግን ገዳሙ ግቢ ሣሩ ሁሉ ሐምራዊና ነጭ አበባ ይለብሳል። ቅጠል ሳይኖር፣ ፀሐይ በቅጡ ሳትወጣ፣ ከቀዝቃዛው መሬት ብቅ ይላል። ቀጥሎ ጠቦቶቹ ይወለዳሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮሁ ነው የሚውሉት። ሰኔ ላይ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው። አንዲት ትንሽ ወንዝ መንገዱን አቋርጣ ታልፋለች። መኪናው ውሃውን እየረገጠ ይሻገራል፤ እግረኛው በጎን ባለው የድንጋይ ድልድይ ያልፋል። ማታ ማታ እዚያ ሄጄ ዳክዬዎቹን አያለሁ።

ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። መንገድ ላይ የሚያገኝሽ ሁሉ ሰላም ይልሻል፤ ስለ አየሩ ያወራል። አንዳንዱ ደጁ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ እንቁላልና ማርማላታ ያስቀምጣል። ሻጭ የለም። ዋጋው ተጽፏል፤ ሳንቲምሽን ቆርቆሮ ውስጥ ጥለሽ ትሄጃለሽ። ግን ልጄ፣ ጎረቤት ሳይጠራ አይገባም። «ቡና ጠጡ» ብሎ የሚጣራ የለም። ይህን መልመድ ከቅዝቃዜውም ከጨለማውም ይከብዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴትዮዋ ቡና አፈላላቸዋለሁ። ሦስተኛው ድረስ ቁጭ ብለው ይጠጣሉ፤ ደስ ይላቸዋል።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ይህ ቤት የእርስዎ ነው?» አልኳቸው። አይደለም፣ ተከራይ ነኝ አሉኝ። መንደሩ ሁሉ ማለት ይቻላል ተከራይ ነው። በ1944 ማቲልዳ ታልቦት የሚባሉት ባለቤት ገዳሙንም መንደሩንም ለናሽናል ትረስት ሰጡ። ትረስቱ የድሮ ቤትና መሬት የሚጠብቅ ማኅበር ነው፤ ከ1895 ጀምሮ ያለ። ጣሪያ ሲያፈስ ይጠገናል እንጂ ቤቱ አይነሳም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲፈርስ የላክሽልኝ ቪዲዮ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እኛም ተከራይ ነበርን፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ። ልማት አልጠላም። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ይህን ማንም አይመኝም። ልጆቻችን የተሻለ ቤት ይገባቸዋል። ግን ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ መንገድ፣ አንድ ግቢ ሊተውልን አይችልም ነበር? ጭቃውን መጠገን ይቻላል፤ እዚህ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሩስ? ሰው ሲበተን ማን ያስተዛዝናል? ይህ ያናድደኛል፤ ለማንም ስናገር ደግሞ አላፍርም።

እና አንድ ነገር ልለምንሽ። የገዳሙ ቤት የኋላ ባለቤት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሚባል ሰው ነበር፤ የማቲልዳ አያት። ነሐሴ 1835 በትንሽ የእንጨት ካሜራ የገዛ ቤቱን መስኮት ፎቶ አነሳ። እስካሁን ከተረፉት የፎቶ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ቴምብር ብታክል ነው። ሲያነሳት በአጉሊ መነጽር የመስኮቱ መስታወት ሁለት መቶ ያህሉ አንድ በአንድ ይቆጠር እንደነበር ራሱ ከጎኗ ጽፏል። መስኮቱም ዛሬ ድረስ ቦታው ላይ ነው። ፊቱ ቆሜ ያሰብኩት የእኛን መስኮት ነው፤ ያቺን አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠውን፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ የማይብሽን። ፎቶዋ ያለን አይመስለኝም።

ስለዚህ የአክስትሽን ሳጥን ፈትሺ። የክርስትናሽ፣ የጥምቀት፣ የአያትሽ ተዝካር ፎቶዎች አሉ፤ ከሰዎቹ ጀርባ ግድግዳውና በሩ ይታያል። ሁሉንም በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ። ሱቅ የነበራቸው ጋሼ ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውንም ጠይቂ፣ የሠርግ አልበም አላቸው። ከፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ጻፊ። ጋሼ ሳያረጁ ቶሎ ሂጂ።

ገንዘቡን ሰኞ እልካለሁ። ከእሱ ላይ አክስትሽን ሐኪም ቤት ውሰጂያት፤ እምቢ ብትልም ውሰጂያት። ፓስፖርትሽንም አሳድሺ፤ በበጋው እንድትመጪ ጉዳዩን እየጠየቅኩ ነው።

እናትሽ