አባዬ፣ ስለ ሞይሴዬቭ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስለ ሶቪየቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ስለ ጌናዲ ሞይሴዬቭ ስታጫውተኝ መስመሩ ተቆረጠና ወሬያችን ሳያልቅ ቀረ። በስልክ ከምንጣደፍ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። ለዓይንህ እንዲመች ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ አንተ እንደለመድከው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልክ ነህ፣ ሰውየው ታላቅ ነው። በ1974፣ በ1977 እና በ1978 በ250 ሲሲ ሞቶክሮስ (በሞተር ብስክሌት በጭቃና በዳገት በሚደረገው ውድድር) የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ ሶቪየት ቪክቶር አርቤኮቭ ብቻ ነበር፣ በ1965። አርቤኮቭ ያሸነፈው በቼኮዝሎቫኪያው ሲዜድ ሞተር ነው። ሞይሴዬቭ ግን በኦስትሪያው ኬቲኤም ነበር። ዛሬ በየውድድሩ የምናየው ያ ብርቱካናማ ኬቲኤም የመጀመሪያውን የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው በሱ ነው። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ፣ ከሶቪየት የመጣ ሰው የምዕራብ ፋብሪካ ስም አስጠራ። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል።

የማንስማማው በ1974ቱ ላይ ነው። አንተ «ዳኞቹ ፈረዱ፣ አለቀ» ትላለህ። እኔ ግን ስለ ቼኮዝሎቫኪያው ተወዳዳሪ ስለ ያሮስላቭ ፋልታ ሳነብ ልቤ ይቆረጣል። የመጨረሻው ውድድር ስዊዘርላንድ፣ ቮለን ላይ ነበር። ያኔ ሞቶክሮስ ላይ ደግሞ ከ40 ደቂቃ በላይ በጭቃና በዳገት መታገል ነበረ፣ ያውም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ። ፋልታ ያን ሁሉ ችሎ ሜዳው ላይ አሸነፈ። ሕዝቡም ሻምፒዮን ነው ብሎ ጨፈረለት። ከዚያ የሶቪየት ቡድን አቤቱታ አቀረበ፤ መነሻው ላይ በሩ ሳይወድቅ ቀድሞ ወጥቷል ተባለ። ዳኞቹ በውድድር ሰዓቱ ላይ አንድ ደቂቃ ቅጣት ጨመሩበት። ዋንጫው ወደ ሞይሴዬቭ ሄደ። በዙር የተቀደሙ የሶቪየት ተወዳዳሪዎች ውድድሩ ላይ መንገድ ዘግተውበታል የሚለው ክስም እስከዛሬ አልጠፋም።

አባዬ፣ ይህን የምጽፈው የምትወደውን ሰው ላሳንስብህ አይደለም። ሞይሴዬቭን ለማክበር 1974ን መከላከል የለብህም ነው የምልህ። ቀጥሎ የሆነውን እየው። በ1975 ሻምፒዮንነቱን ቤልጂጋዊው ሃሪ ኤቨርትስ ወሰደው፣ በ1976 ደግሞ ፊንላንዳዊው ሄይኪ ሚኮላ። ሌላ ሰው ቢሆን «ያኔም የሱ አልነበረም» ተብሎ ይረሳ ነበር። እሱ ግን በ29 ዓመቱ ተመልሶ መጣ። በ1977 አንደኛ ወጣ፣ የቡድን ጓደኛው ቭላድሚር ካቪኖቭ ሁለተኛ ሆነ። በ1978ም ደገመው። ሰውነት በሚያደቅ ስፖርት ውስጥ በ30 ዓመት ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። እነዚህን ሁለቱን በአቤቱታ አላገኛቸውም። 1974ን ብንሰርዝለት እንኳ ያው ሻምፒዮን ነው።

ፋልታ ግን ያ አንድ ዕድል አመለጠው፣ ዳግመኛም የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም። ሞይሴዬቭ በ2017፣ ፋልታ በ2022 አረፉ። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር ስትጨዋወቱ የፋልታንም ስም አንሳልኝ። «አጭበርባሪ» አትበለው፣ እባክህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። በ1978 አንተ ሌኒንግራድ ተማሪ ነበርክ። ሞይሴዬቭ ሲያሸንፍ ዶርም ውስጥ ወሬ ነበር? ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብከው ወይስ የሩሲያ ጓደኞችህ ነገሩህ? ይህን መቼም አጫውተኸኝ አታውቅም። ልጄም ስለ ሞተር ያልሰማው ነገር የለም፣ የአያቱን ግን አልሰማም።

የግፊት መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። እሑድ እደውላለሁ፣ ስለ ፋልታ መልስህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

የምትወድህ ልጅህ