እማዬ፣ ወንድሜን አጽናኚልኝ

አዳማ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ወንድሜ «የሰጠኋት መቅኒ ነው ሳንባዋን የጎዳው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል ስትዪኝ ሆዴ ስለባባ ነው።

ለካንሰሬ ሕክምና ሕንድ የተሰጠኝ የእሱ ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም የሚሠራው ዘር ሴል፣ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ደም መሥራት ጀመረ፤ የደም ዓይነቴ እንኳ ዛሬ የእሱ ነው። ከዚያ ደም የሚወጡት ነጭ ሴሎች እንደ ዘበኛ ናቸው። የተረፈ የካንሰር ሴል ካለ ፈልገው ይገድላሉ፤ በሕይወት ያለሁትም በእነሱ ነው። ግን የእኔንም አካል ባዕድ አድርገው የሚያዩበት ጊዜ አለ። አንዳንዱን ሰው ቆዳውን፣ አንዳንዱን ዐይኑን ወይም ጉበቱን ይነካሉ። እኔን የነኩኝ ሳንባዬ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ነው። ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ጠባሳ ይዘው እየጠበቡ ይሄዳሉ። አየሩ ይገባል፤ መውጣቱ ነው የሚቸግረው።

ስለዚህ ብርድም ምችም አይደለም እማዬ። ዳማከሴውን አትላኪልኝ፤ ከመድኃኒቶቼ ጋር እንዳይጋጭ እፈራለሁ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ኢንፌክሽን ነበር። ሳንባዬን በቱቦ አጥበው ጀርም ፈለጉ፣ አላገኙም። ከዚያ በኃይል የሚነፋበትን የትንፋሽ ምርመራ አደረጉልኝ፤ በመጀመሪያው 1 ሰከንድ የማወጣው አየር በእኔ ዕድሜና ቁመት ከሚጠበቀው 75 በመቶውን እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። ጠባሳ የያዘው ቧንቧ ተመልሶ አይከፈትም። ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ በአፍ የሚሳበው መድኃኒትም፣ ሞንቴሉካስትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት መድኃኒቶችም ለዚያ ነው። ፊቴ የተነፋው ከፕሬድኒሶሎኑ ነው እንጂ ወፍሬ አይደለም።

ሐዋሳ ነይ፣ የሐይቁ አየር ያሽርሻል ብለሽኛል። የአዳማ አቧራና ነፋስ እንደሚያስቸግረኝ እውነት ነው፤ ግን ጠባሳን አየር አይፈታውም። ለጥምቀት ስመጣ የምትረጂኝ በሌላ ነው፦ ቡናው ውጭ በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ከሰሉ ቤት አይግባ፣ ዕጣኑ ይቅር። ዕጣን የሌለበት ቡና ቡና እንደማይመስልሽ አውቃለሁ፤ ስለ እኔ ብለሽ ታገሺ። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ደግሞ እስኪሻለው አይምጣ፣ ቅር ቢለውም። በሕፃንነቴ አዝለሽ ወስደሽ ያስከተብሽኝ ክትባት ከድሮው መቅኒዬ ጋር ጠፍቷል፣ እንደ አዲስ እየተከተብኩ ነው፤ የመከላከል አቅሜን የሚያዳክም መድኃኒትም እወስዳለሁ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች መቅኒያቸው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ብቻ ነው። እህቶቼ ሁሉ ተመረመሩ፣ የገጠመው እሱ ነው። ይህ የሳንባ ጉዳት ደሙ ክፉ ሆኖ የመጣ አይደለም፤ በደንብ የገጠመ ወንድም በሰጠውም ላይ ይደርሳል፣ ማን ላይ እንደሚደርስም ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እሱ እምቢ ቢል ኖሮ ዛሬ የምታነቢው ደብዳቤ አይኖርም ነበር። ይህንን አፍሽን ሞልተሽ ንገሪልኝ፤ ከእኔ ሲሰማው ልታጽናናኝ ነው ይላል፣ ከአንቺ ሲሆን ግን ያምናል።

በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና እነፋለሁ። ቁጥሩ ቢወርድም ባለበት ቢጸናም ለሁለታችሁም በዚያው ቀን ደውዬ እነግራችኋለሁ።

ልጅሽ