የእቴጌ ምንትዋብ ምስል ናርጋ ላይ አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በዘመን ወደ ኋላ ተመልሶ እቴጌ ምንትዋብን ፎቶ ስለ ማንሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ይመለከታል። ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው እሳቸው ካረፉ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1831 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ምስላቸው ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው እስከ ዛሬ ይታያል። የሚያሳዝነው፣ ጎብኚው በስልክ የሚያነሳው ፎቶ ለጥናት አለመብቃቱ ነው። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ሥዕሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይጥላል፤ ከጎን ዘንበል ብሎ ሲነሳም ቅርጹ ይዛባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራው በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ከሥዕሉ መሃል ትክክል ይቁም፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን) 100 ይሁን፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይከፈት፤ እጅ እንዳያነቃንቀው በሰዓት ቆጣሪው ይነሳ። የቀለም መለኪያ ካርድ ከሥዕሉ አጠገብ ካልተያዘ የቀለሙን መደብዘዝ ማወዳደር አይቻልም።

ዝግጅት ክፍሉ ከገዳሙ አባቶች ፈቃድ ጠይቆ፣ የባሕር ዳር ፎቶ አንሺዎች ሥዕሉን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ እንዲያነሱት ቢያስተባብር፣ አንድ ቅጂም ለገዳሙ ቢሰጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር