ለኪዮቶ ተጓዦች፦ ስለ ሳኩራውና ስለ ሻይ ሥርዓቱ

ውድ አባላት፣

የኪዮቶ ሳኩራ (የጃፓን የቼሪ ዛፍ አበባ) አብዛኛውን ጊዜ የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ሙሉ በሙሉ ከፈካ በኋላ የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ዝናብና ነፋስ ካገኘው ደግሞ ቶሎ ይረግፋል። ከዘገያችሁ ወደ ኒናጂ ቤተ መቅደስ ሂዱ፤ እዚያ ያሉት አጫጭር የኦሙሮ ዛፎች የሚያብቡት ከሌሎቹ ዘግይተው ነው። ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፍ አትጎትቱ፤ ሳኩራ ከተሰበረ ቁስሉ በቀላሉ ይበሰብሳል።

ለሻይ ሥርዓቱ ንጹሕ ነጭ ካልሲ ያዙ። ሻይ የሚጠጣበትን ጎድጓዳ ሳህን እንዳይጭሩት ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጣፋጩን አስቀድማችሁ ብሉ፤ የማቻውን (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት መጠጡን) ምሬት የሚያለዝበው እሱ ነው። ሳህኑን በቀኝ እጅ አንስታችሁ በግራ መዳፍ ላይ አድርጉና፣ ሥዕል ባለበት በኩል እንዳትጠጡ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ አዙሩት። የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ አሰምቶ መጠጣት ነውር ሳይሆን ወጉ ነው።

በጊዮን (የኪዮቶ የጌይሻዎች ሰፈር) ወደ ግል መተላለፊያዎች አትግቡ፤ ቅጣቱ 10,000 የን ነው።