ለአዲስ ግንባታ ገንዘብ ሲጠይቁ የጥገናውን ገንዘብ ምንጭ አብረው ይንገሩን፦ ለገንዘብ ሚኒስትሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በመንገድና በድልድይ ጥገና ሥራ ላይ ቆይቼ በጡረታ የተገለልኩ መሐንዲስ ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት እያዘጋጀ ባለበት በዚህ ወቅት፣ መንግሥት ለመሠረተ ልማት ምን ያህል ያውጣ፣ ገንዘቡንስ ከታክስ፣ ከብድር ወይስ ከተጠቃሚው ያግኝ የሚለው ክርክር በምክር ቤትም ከምክር ቤት ውጭም ጠንክሯል። ክርክር መኖሩ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ «ይገንባ» የሚለውም ሆነ «አቅማችን አይፈቅድም» የሚለው ወገን የሚከራከረው ገና ስላልተሠራው መንገድ ብቻ መሆኑ ነው። የተሠራውን መንገድ የሚያነሣው የለም። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ማንኛውም አዲስ ፕሮጀክት ለምክር ቤት ሲቀርብ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ የሚጠይቀው የጥገና ወጪ፣ ያንን ወጪ የሚሸፍነውም የገቢ ምንጭ በስም ተለይቶ አብሮ ይቅረብ፤ ይህ ላልተሟላለት ፕሮጀክት ገንዘብ አይፈቀድ።

ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ ከሥራ ዘመኔ የማልረሳው አንድ ገጠመኝ ነው። በምንከታተለው መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፍ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ በደለል ተደፍኖ ነበር። ቱቦውን ጠርጎ አፉን በግንብ ለመጠገን የሚያስፈልገው ጥቂት የቀን ሠራተኛና ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ ነበር። ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረብኩ፤ የጥገናው በጀት አልቋል ተባልኩ። በቀጣዩ ዓመትም ጠየቅሁ፤ መልሱ አልተለወጠም። በሦስተኛው የዝናብ ወቅት ውሃው መውጫ አጥቶ ተጠራቀመና መንገዱን ከነአፈር ሙሌቱ ቆርጦ ወሰደው። ያን ጊዜ ግን ለመልሶ ግንባታው የሚሆን ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተገኘ። መልሶ ግንባታው በካፒታል በጀት የሚያዝ፣ ጨረታ የሚወጣበትና በመጨረሻም የሚመረቅ «ፕሮጀክት» ነበርና ገንዘብ አላጣም፤ ቱቦ መጥረግ ግን በመደበኛው በጀት ውስጥ ያለ፣ በዓመቱ አጋማሽ ቁጠባ ሲታወጅ ከሁሉ በፊት የሚቀነስ ወጪ ነው። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። የበጀት አሠራሩ ራሱ ቱቦውን ላስጠረገ ኃላፊ ምንም ምስጋና ሳያዘጋጅ፣ የፈረሰውን መልሶ ለሠራው ግን መድረክ የሚሰጥ በመሆኑ እንጂ።

ይህ የአንድ መንገድ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ከሌሎች አገሮች እንረዳለን። (የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ባንክ በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርቱ፣ በአፍሪካ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለጥገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመንገድ መልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር አስልቷል። ምክንያቱ የአስፋልት ተፈጥሮ ነው። አስፋልት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉዳቱን አያሳይም፤ ለዓይን ደህና መስሎ ይቆያል። ጥቃቅኑ ስንጥቅ ሳይደፈን ሲቀር ግን ውሃ ወደ ታችኛው ንጣፍ ይሰርጋል፣ ንጣፉ ይላላል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከባድ መኪና ያለፈበትን ቦታ እየሰበረ ይሄዳል። ስንጥቁ ሲታይ መድፈን ይበቃ የነበረው መንገድ፣ ከዚያ ነጥብ ካለፈ ከመሠረቱ ተቆፍሮ ካልተሠራ በቀር አይድንም። በሌላ አነጋገር ጥገናን ማዘግየት ገንዘብ መቆጠብ አይደለም፤ የትኛውም አበዳሪ በማይጠይቀው ከፍተኛ ወለድ መበደር ነው።

ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ የፈርን ሆሎው ድልድይ ጥር 28 ቀን 2022 ማለዳ አውቶቡስና መኪኖች እያለፉበት ወደቀ። የሞተ ሰው አለመኖሩ ታላቅ ዕድል ነው። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የውሃ መውረጃዎቹ ተደፍነው፣ ውሃና ቆሻሻ በብረት እግሮቹ ላይ እየተከማቸ እንደበላቸው፣ ተቆጣጣሪዎችም ይህን በተከታታይ ሪፖርቶች ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሳስቡ እንደነበር ታወቀ። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ምክሩ ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ፋይል ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዕለት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስለ መሠረተ ልማት ንግግር ለማድረግ ወደዚያች ከተማ ለመሄድ ቀጠሮ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ድልድይ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ዓመት ሳይሞላው ተሠርቶ ተከፈተ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የራሴ ቱቦ ትዝ ይለኛል።

የዕዳ መጠን ዝቅተኛ መሆኑም ብቻውን አያጽናናን። ጀርመን በ2009 የመንግሥትን ብድር በጥብቅ የሚገድብ ድንጋጌ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች፤ በዕዳ መዝገቧም ከብዙ አገሮች የተሻለች ሆና ኖረች። ነገር ግን በታኅሣሥ 2021 ኤ45 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ያለው የራህሜደ ድልድይ ለተሽከርካሪ አደገኛ ሆኖ ተገኘና ተዘጋ፤ በግንቦት 2023 በፈንጂ ፈረሰ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የከባድ መኪናው ጎርፍ በሉደንሻይድ ከተማ ውስጥ ለውስጥ እንዲያልፍ ተገደደ። በመጋቢት 2025 ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚወጣ 500 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ የመሠረተ ልማት ፈንድ ፈቀደ። ከዚህ የምረዳው ያልተጠገነ ድልድይ ራሱ ዕዳ መሆኑን ነው። በመዝገብ ላይ አለመጻፉ ከፋዩን አይቀንሰውም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ጥገናና አዲስ ግንባታ ሊለያዩ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የወጪዎቹ ጠባይ የተለያየ ነውና። ጥገና በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪ ስለሆነ የገቢ ምንጩም በየዓመቱ የማይነጥፍ መሆን አለበት። መንገድን በተመለከተ ለዚህ የሚስማማው ከተጠቃሚው በአጠቃቀሙ ልክ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች መካከል ኦሪገን በ1919 ለመንገድ ሥራ የሚውል የነዳጅ ታክስ በማስከፈል የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ብዙ የተጓዘ ብዙ ነዳጅ ይቀዳል፣ ብዙም ይከፍላል። ይሁን እንጂ ተመኑን አንድ ጊዜ ወስኖ መተው እንደማያዋጣ የዚያችው አገር የፌዴራል ታክስ ያሳያል። በጋሎን 18.4 ሳንቲም ተብሎ በ1993 የተወሰነው ታክስ ከዚያ ወዲህ አልጨመረም፣ ከዋጋ ንረትም ጋር አልተያያዘም፤ በዚህም የተነሣ ታክሱ የሚገባበት የአውራ ጎዳና ፈንድ ከ2008 ጀምሮ ከጠቅላላው የመንግሥት ካዝና በተደጋጋሚ ሲደጎም ኖሯል። ስለዚህ የጥገና ፈንድ ማቋቋም ብቻ አይበቃም፤ ተመኑ በየጊዜው እንዲስተካከል ሕጉ ራሱ ሊያስገድድ ይገባል።

ነዳጅን ብቻ መከተልም ከእንግዲህ በቂ አይሆንም። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ አይቀዳም፤ መንገዱን ግን ይጠቀማል። በሌላ በኩል ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገው ትልቁ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ አንድ የመኪና አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በግምት በአራተኛ ኃይል ያድጋል። ክብደቱ እጥፍ የሆነ አክስል አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ይጎዳል ማለት ነው። የቤት መኪናና ከመጠን በላይ የተጫነ የጭነት መኪና በአንድ ዓይን መታየታቸው ታዲያ ፍትሕም ምሕንድስናም አይደለም። ኒውዚላንድ ከ1978 ጀምሮ ከባድና በናፍጣ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን በክብደታቸውና በተጓዙት ኪሎ ሜትር ታስከፍላለች፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮም የኤሌክትሪክ መኪኖችን በዚሁ ሥርዓት ውስጥ አስገብታለች። መሥሪያ ቤትዎ ሊያጠናው የሚገባ አሠራር ይህ ይመስለኛል።

ክፍያው የትራንስፖርት ታሪፍን ያስወድዳል፣ ሸክሙም ድሃው ላይ ይወድቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ እውነትም አለው። ነገር ግን የተበላሸ መንገድ በበኩሉ ታሪፍ ያስወድዳል፦ ጎማ ይጨርሳል፣ ሞተር ይገድላል፣ የአንድ ሰዓቱን መንገድ ሦስት ሰዓት ያደርገዋል፤ ባለመኪናውም ያንን ሁሉ በተሳፋሪው ላይ ያስባል። ድሃው አሁንም እየከፈለ ነው፤ ልዩነቱ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ መንገዱ አለመመለሱ ነው። በተጨማሪም ጥቂት መኪና ብቻ የሚያልፍባቸው የገጠር መንገዶች በተጠቃሚ ክፍያ ራሳቸውን ሊችሉ ስለማይችሉ፣ የእነርሱ ጥገና ከጠቅላላው ታክስ መሸፈን አለበት። ይህንን ድጎማ ብሎ ማሳነስ ተገቢ አይደለም፤ የአገር አንድነት ዋጋ ነው።

አዲስ ግንባታን በተመለከተ መበደርን በጭፍን ከሚቃወሙት ወገን አይደለሁም። ሃምሳ ዓመት የሚያገለግል ድልድይ ዋጋውን የዛሬ ግብር ከፋይ ብቻ ይሸከም ማለት፣ ነገ የሚሻገሩበት ልጆች ምንም አያዋጡ ማለት ነው። መበደር የሚገባው ግን ግምቱ ሲታመን ነው። በ2002 የታተመ፣ 258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶችን የመረመረ ጥናት ከአሥሩ ዘጠኙ ከተገመተላቸው በላይ እንዳስወጡ፣ የባቡር ፕሮጀክቶችም በአማካይ 45 በመቶ እንዳለፉ አሳይቷል። ግምቱን የሚሠራውና ፕሮጀክቱ እንዲጸድቅለት የሚፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ሌላ ውጤት መጠበቅ አይቻልም። ደቡብ ኮሪያ ከ1999 ጀምሮ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ባለቤቱ ባልሆነ ገለልተኛ አካል ቅድመ ጥናት እንዲደረግባቸው ያደረገችው ይህንን ስለተረዳች ነው። በውጭ ምንዛሪ የተበደርነው ገንዘብ በአገር ውስጥ ገንዘብ ብቻ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ሲውል ደግሞ፣ የምንዛሪው ለውጥ ዕዳውን ያለ ማንም ፈቃድ ሊያሳድገው እንደሚችል በውሉ ቀን ሊነገረን ይገባል።

የግል ባለሀብት ገንዘቡን ያምጣ የሚለው መፍትሔ በተለይ በጥንቃቄ ይታይ። ባለሀብቱ ገንዘቡን ያስቀድማል እንጂ አይሰጥም፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ወይ ተጠቃሚው ወይ ግብር ከፋዩ ነው። በብሪታንያ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በጥር 2018 እንዳስታወቀው፣ ወደ 60 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የካፒታል ዋጋ ላላቸው ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ውሎች መንግሥት ገና 199 ቢሊዮን ፓውንድ የሚከፍል ነበር፤ እርግጥ ክፍያው ጥገናንና አገልግሎትንም ይጨምራል። በዚያው ዓመት መንግሥቱ አዲስ ውል በዚህ መንገድ እንደማይፈርም አስታወቀ። ሜክሲኮ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለግል ባለሀብቶች ከሰጠቻቸው የክፍያ መንገዶች ውስጥ የትራፊኩ ግምት ሳይሳካ ሲቀር በ1997 ሃያ ሦስቱን ከነዕዳቸው ለመረከብ ተገደደች። ትርፉ የባለሀብቱ፣ ኪሳራው የሕዝቡ እንዳይሆን፣ መንግሥት የሚሰጠው የገቢ ዋስትና ሁሉ ልክ እንደ ብድር ተቆጥሮ በዕዳ ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ።

ስለ መሬት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መንገድ ወይም ባቡር በሚደርስበት አካባቢ የመሬት ዋጋ ባለቤቱ ምንም ሳይሠራ ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ የተገኘው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ለንደን ከ2010 ጀምሮ በትልልቅ የንግድ ቤቶች ላይ የጣለችው ተጨማሪ ክፍያ የከተማዋን አዲስ የባቡር መሥመር ለመገንባት ረድቷል። ከጭማሪው ከፊሉን ወደ ሕዝብ ካዝና መመለስ ብዙ አከራካሪ ሊሆን አይገባም ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ አዲስ መንገድ አይሠራ አላልኩም። መንገድ አይቶ የማያውቅ፣ ወላድ በቃሬዛ የሚሸከም ሕዝብ እያለ እንዲህ የሚል ሰው ኅሊና ሊኖረው አይችልም። የምለው ለዚያ ሕዝብ የምንሠራለት መንገድ ከአሥር ዓመት በኋላም መንገድ ሆኖ ይቆየው ነው። ለዚህም በሚቀጥለው የበጀት ሰነድ ውስጥ አሁን ያሉን መንገዶችና ድልድዮች ያሉበት ሁኔታና ሳይጠገኑ የተከማቹት ሥራዎች ግምት በአንድ ሠንጠረዥ እንዲወጣ፣ ለጥገና የተመደበ ገንዘብ በዓመቱ አጋማሽ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር፣ አዳዲስ ፕሮጀክቶችም ከላይ የጠየቅሁትን የጥገና ሰነድ ሳይዙ እንዳይቀርቡ መመሪያ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሠንጠረዡን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው በየጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ባልደረቦቼ ለዓመታት ሲጽፉት የኖሩት የምርመራ ሪፖርት ነው። ሰብስቦ ለማንበብ የሚቋቋም ቡድን ካለ ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በጡረታ ላይ የሚገኝ የመንገድ ጥገና መሐንዲስ