ስለዚህ ወር መጽሐፋችን

ውድ አባላት፣ የዚህን ወር የወንጀል ልብ ወለድ ትናንት ማታ ጨረስኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኛል። አጀማመሩ ልብ ያንጠለጥላል። ልጅቷ ታግታለች፤ ደጃፉ ላይ የቀረው አንድ እግር ጫማዋ ብቻ ነው። እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጫማዋን መርማሪው እንኳ አያነሳትም። አጋቹ ደግሞ ሊያልቅ 20 ገጽ ሲቀረው ድንገት ብቅ ያለ ሰው ነው። እንግሊዛዊው የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ካወጣቸው 10 የመርማሪ ልብ ወለድ ሕጎች የመጀመሪያው፣ ወንጀለኛው ገና ከጅምሩ መጠቀስ አለበት ይላል። አለዚያ አንባቢው በምን ይገምት?

የእናትየው ምዕራፎች ግን ግሩም ናቸው። ስልኩ በጠራ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። እነሱን እንዳትዘሉ። እሁድ ስንገናኝ ከጫማዋ እንጀምር።